የእጄ ሥራ

ያቺን ሽጉጥ የሰበርኳት እኔ ነኝ። በእድር ስብሰባም ሆነ በክርስትና ግብዣ ላይ ወሬው በተነሳ ቁጥር ራሴን እየነቀነቅሁ «ብረት እኮ ይደክማል» ስል የሰማችሁኝ ብዙ ናችሁ። ብረቱ አልደከመም። የፈነዳው ጥይት ከቤቴ ቤዝመንት የወጣ፣ በእጄ የተሞላ ነው፤ ሊይዝ ከሚገባው እጥፍ ባሩድ ይዞ ነበር። የተኮሰው ደግሞ እኔ አልነበርኩም።

ነገሩ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። በሰሜን ቨርጂንያ የምንኖር፣ ታክሲና ኡበር የምንነዳ ሰዎች ሥራ ቆሞብን ቤት የዋልንበት ዓመት። በመላው አሜሪካ ሰው ሽጉጥ ለመግዛት የተሰለፈውም ያኔ ነው። እኔ ሌሊት ስለምነዳ ከዚያ በፊትም ነበረኝ፤ በወር አንዴ ሁለቴ ወጥቼ ዒላማ መምታት ደግሞ ከአገር የመጣ ሱሴ ነው። አዲሶቹ ገዢዎች ግን ጥይቱን ጠርገው ወሰዱት። መደብር ስትገቡ የሚቀበላችሁ ባዶ መደርደሪያና «ለአንድ ሰው አንድ ሳጥን» የሚል ወረቀት ነበር። የተገኘውም ቢሆን ዋጋው ለልምምድ የሚተኮስ አልሆነም።

ጥይት አራት ነገር ነው፤ የናስ ቀለህ፣ ቀለሁ ቂጥ ላይ የምትወተፍ እሳት ጫሪ ፕራይመር፣ ባሩድ፣ አፉ ላይ የሚሰካ አረር። ሲተኮስ ሦስቱ ያልቁና ቀለሁ ይቀራል። እሱን ለቅሞ፣ አጽድቶ፣ የሰፋውን ወደ ልኩ መልሶ፣ ሌሎቹን ሦስቱን በአዲስ የተካ ሰው ጥይት አለው ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ ለራሱ የሚሞላ ሰው የፌዴራል ፈቃድ አይጠየቅም፤ ፈቃድ የሚያሻው ሞልቶ ለሚሸጥ ነው። ይህን የነገረኝ አንድ አዳኝ ጎረቤቴ ነበር፤ አስከትሎም «መጀመሪያ መጽሐፉን አንብብ» አለኝ። የመጀመሪያውን ብቻ ሰማሁ።

ያልሰማሁበት ምክንያት ሞኝነት ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ኩራትም ነበረበት። በቤታችን ሲወራ የኖረው አያቴ በጣሊያን ጊዜ ጎጃም በረሃ ውስጥ ውጅግራውን ይዞ ሲዋጋ የተኮሰበትን ቀለህ እየለቀመ፣ የአገር ባሩድ እየሞላ፣ መልሶ ይተኩስ እንደነበር ነው። አባቴ ይህን ሲያወራ እጁን እንደ ስፍር አጉድጉዶ ያሳየን ነበር፤ ይህችን ታህል፣ አፉ ድረስ፣ ጠቅ አድርገህ። አገራችን ውስጥ ጥይት ከአሞሌ ጨው ጎን እንደ ገንዘብ የዋለበት ዘመን አለና ቀለህ መጣል ብር እንደ መጣል ይቆጠር ነበር። እኔም የባለ ውጅግራ ልጅ ነኝ፤ ከፈረንጅ መጽሐፍ ጥይት አልማርም አልኩ። ያን ጊዜ በዚህ ቃል ባልናገረውም ልቤ ይህንኑ ሲል እንደነበር ዛሬ አውቀዋለሁ።

አያቴ ትክክል ነበር፤ እኔ ነኝ የሳትኩት። ውጅግራ፣ «ግራ» የሚባለው የፈረንሳይ ጠመንጃ፣ እ.ኤ.አ. በ1874 የወጣ ባለ 11 ሚሊሜትር አንድ ጎራሽ ነው፤ የተሠራውም ለጥቁር ባሩድ ነው። ጥቁር ባሩድ ከከሰል፣ ከድኝና ከፖታሲየም ናይትሬት ይሠራል። ቦታ ይፈጃል፤ ቀለሁን እስከ አረሩ ድረስ ይሞላዋል፤ እንዲያውም በመካከል ባዶ ቦታ መተው ነው የሚያስፈራው። እጥፍ ልጨምር ያለ ሰው ጠረጴዛው ላይ ይፈስበታል። አያቴን ስህተቱ ራሱ ይከለክለው ነበር። የዛሬው ጢስ አልባ ባሩድ ሌላ ፍጥረት ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት ፖል ቪዬይ እ.ኤ.አ. በ1884 ከሠራው በኋላ፣ የ1886ቱ የሌቤል ጠመንጃ ይዞት ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ጥቁሩ ባሩድ ከጦር ሜዳ እየተገፋ ሄደ። ጥቂቱ ብዙ ይሠራል፤ ጥቂት ስለሆነም ከቀለሁ ግርጌ ይቀመጥና ሰፊ ባዶ ቦታ ይተዋል።

እኔ የምሞላው ሠላሳ ስምንት ስፔሻል የሚባለውን የሪቮልቨር ጥይት ነበር። ይህ ጥይት እ.ኤ.አ. በ1898 ሲወጣ ቀለሁ የተለካው በጥቁር ባሩድ ነው፤ በኋላ ባሩዱ ተለወጠ፣ ቀለሁ ግን እንደ ረዘመ ቀረ። ስለዚህ ለዒላማ ልምምድ የሚበቃው ፈጣን ባሩድ ሲገባበት ቀለሁ ገና ባዶ ይመስላል። እጥፍ ቢገባበት አይፈስም፤ ሦስት እጥፍ እንኳ የሚሸሽግ ሆድ አለው። ክብደቱ የሚለካው በግሬን ነው፤ 7,000ው አንድ ፓውንድ ይሆናል። የአሜሪካዋ ፔኒ 2.5 ግራም ናት፣ ማለትም 38 ግሬን ተኩል ያህል፤ የእኔ ጥይት የሚጠይቀው የፔኒዋን ትንሽ ክፋይ ነው። ትክክለኛውን ቁጥር እዚህ አልጽፈውም። የባሩድ ልክ ከወዳጅም ሆነ ከኑዛዜ አይወሰድም፤ በዚያ ባሩድ ስም፣ ለዚያ አረር፣ ባሩዱን የሠራው ወገን ካሳተመው ሰንጠረዥ ብቻ ነው።

እጥፍ ባሩድ እጥፍ ግፊት ብቻ ቢያመጣ ኖሮ ምናልባት ጠንካራ ሽጉጥ ይችለው ነበር። ጢስ አልባ ባሩድ ግን ግፊት በጨመረ ቁጥር ራሱ ይፈጥናል፤ በፈጠነ ቁጥር ግፊቱ ይብሳል። ለዚህ ጥይት እ.ኤ.አ. በ1926 የተመሠረተው ሳሚ፣ የአሜሪካ የጦር መሣሪያና ጥይት አምራቾች መለኪያ አውጪ ተቋም፣ የወሰነው ከፍተኛ ግፊት በካሬ ኢንች 17,000 ፓውንድ ነው። ብረቱ በዚያ ልክ ተሠርቶ መጠነኛ ትርፍ ይጨመርለታል። ትርፉ እኔን አይጠብቅም ነበር።

ማሽኑን ያገለገለ ገዛሁ። ጀማሪ በአንድ ጊዜ አንድ ሥራ ብቻ በሚሠራ ተራ ማሽን ይጀምር የሚለውን ምክር ዝግተኛ ሆኖ አገኘሁት። በዚያኛው መንገድ ሃምሳ ቀለህ የእንጨት ገበታ ላይ ይደረደራል፤ ሁሉም ባሩዱን ከተቀበለ በኋላ ሰውየው ባትሪ አብርቶ ከላይ አንድ በአንድ ውስጣቸውን ያያል። ከጎረቤቶቹ ከፍ ያለው ወይም ባዶ የሆነው ወዲያው ዓይን ውስጥ ይገባል። ከዚያ በኋላ ነው አረር የሚሰካው። ያ ለፈሪ ነው አልኩ። የእኔው የሚሽከረከር ሳህን ያለው፣ ክንዱን አንዴ ስትስቡት በየማዕዘኑ የተለያየ ሥራ የሚሠራ ነበር፤ እዚህ ፕራይመር ይገባል፣ እዚያ ባሩድ ይፈስሳል፣ ወዲያ ማዶ አረር ይጠብቃል። ሳህኑን ግን ራሱ አያዞረውም፤ ከእያንዳንዱ ስበት በኋላ በእጅ አንድ እርምጃ ማዞር የሰውየው ፈንታ ነው። አልዞረም ማለት አንዱ ቀለህ ሁለቴ ጠጣ ማለት ነው። ሁለቴ ዞረ ማለት አንዱ ባዶውን አለፈ ማለት ነው።

የዚያን ዕለት ወንድሜ በዋትስአፕ ደወለ። ስደት ላይ ያለ ሰው ያውቀዋል፤ የአገር ቤት ስልክ ወንጌል ሲነበብም ይነሳል። እዚያ ምን ሰዓት እንደሆነ አስልታችሁ በዚህ ሌሊት የሚደወል ደግ ነገር አይደለም ብላችሁ ልባችሁ ይመታል። ሰው አልሞተም ነበር፤ የአባቴን መሬት ወሰን ጎረቤት ገፍቶት ጠብ ተነስቷል። ክንዱን እንደ ያዝኩ አነሳሁ፣ መስመሩ ሲቆራረጥብኝ ደረጃውን ወጣሁ፣ ኩሽና ውስጥ ቆሜ ጮህኩ፣ ተመልሼ ወረድኩ። እጄ ማሽኑ ላይ ነበር፣ ልቤ ጎጃም ወሰኑ ላይ። ማቆም፣ ሳህኑ ላይ ያለውን ሁሉ ማውጣት፣ ከመጀመሪያው መጀመር ነበረብኝ። ከመቋረጥ በኋላ ሌላ መንገድ የለም። እኔ ክንዱን ሳብኩት። አንድ ነገር የተዛባ መሰለኝና ሳህኑን ወዲያና ወዲህ ወዘወዝኩት፣ ወደፊት አዞርኩት፣ ቀጠልኩ። አረሩን ስሰካ ወደ ቀለሁ ውስጥ አላየሁም። መብራቱም ደካማ ነበር። መብራቱን የምጠቅሰው ግን ዛሬም ሰበብ የመፈለግ ልማዴ እንዳልለቀቀኝ ለማሳየት ይሆናል።

የተሞሉትን ጥይቶች በሃምሳ ሃምሳ አድርጌ ለዘመድ ወዳጅ ማደል ጀመርኩ። ሌላው ለበዓል ድፎ ዳቦ ይዞ ሲመጣ እኔ ጥይት ይዤ እሄድ ነበር። ሰው ሲያመሰግነኝ ደረቴ ይነፋ ነበር። በሳጥኖቹ ላይ ቀንም፣ የባሩድ ዓይነትም፣ ልክም አልጻፍኩም።

ከወሰዱት አንዱ የባለቤቴ የአክስቷ ልጅ ነው። በዲቪ የመጣ፣ ሁለት ሥራ የሚሠራ፣ «ጋሼ» ብሎ ሲጠራኝ ቃሌን እንደ ሕግ የሚይዝ ወጣት። ከመሥሪያ ቤቱ መልስ ማታ ማታ ባቡር ጣቢያ ድረስ በጨለማ ስለሚሄድ ይሁን፣ እኔን ለመምሰል ይሁን፣ ቆጥቦ ያገለገለች ስድስት ጎራሽ ገዛ። ወደ ሸናንዶዋ ተራሮች አቅጣጫ፣ ገላጣ ላይ ወዳለ የተኩስ መለማመጃ አብረን ሄድን። ቤት ውስጥ የሚያስተኩሱ አንዳንድ ቦታዎች በእጅ የተሞላ ጥይት አያስገቡም፤ እኔም ጥቅማቸውን ፈልገው ነው ብዬ ሳማቸው ነበር።

ያ ልጅ ዓይኑ ዛሬ የሚያየው መነጽሩን አላወልቅም ስላለ ነው። ላቡ መስተዋቱን ሲያደበዝዝበት «ተወው፣ አውልቀው» ያልኩት እኔ ነኝ። እሱ ግን የመግቢያ ደንቡ ላይ አንብቦ ነበርና «ይሁን ጋሼ» ብሎ ጠርጎ መልሶ አደረገው። ከዚያ ትንሽ ቆይቶ ከሌሎቹ ተኩሶች የማይገጥም፣ ስል የሆነ ድምፅ ሰማሁ። ጥይት የሚጎርሰው ተሽከርካሪ ላይኛው ወገኑ ተገንጥሎ የለም፤ በላዩ የሚያልፈው ብረት ወደ ላይ ጎብጧል። ልጁ ቆሞ ነበር። ግንባሩ ላይ ደም፣ መነጽሩ ላይ ጭረት፣ የቀኝ እጁ ጠቋሚ ጣት የተላጠ። ወዲያው የጠየቀው «ሰው መታሁ እንዴ?» ብሎ ነው።

ጣቱ ተሰፋ። ዛሬም ሙሉ በሙሉ አይታጠፍለትም።

ሐኪሟ ምን እንደሆነ ስትጠይቅ እንግሊዝኛው ለእኔ ይቀለኛል ብዬ ቀድሜ መለስኩ። «ሽጉጡ ያረጀ ነበር» አልኩ። ያን ጊዜ እውነቱን ገና በእርግጥ አላውቅም ነበር ብዬ ልከራከር እችላለሁ፤ ግን ሆዴ ያውቅ ነበር። ልጁ ዞር ብሎ አየኝና አመነኝ። ቃሉን ከእኔ ወስዶ ለእናቱ ነገራት፤ «ርካሽ ብዬ አሮጌ ብረት ገዝቼ» ብሎ ራሱን እየሰደበ። ሽጉጡን የሸጠለት ሰውም በእኛው መካከል ስሙ ጠፋ። እሱ ምንም አላደረገም።

ከሆስፒታል ስመልሰው የቀረውን ጥይት ከነሳጥኑ ከመኪናው ኋላ አነሳሁ። «እርጥበት ሳይነካው አልቀረም፤ እኔ ጋ ይሁን» አልኩት። «እሺ ጋሼ።»

ሌሊቱን ቤዝመንት ውስጥ ቁጭ ብዬ ፈታሁት። አረር መንቀያ መዶሻ አለ፤ ጥይቱን ጭንቅላቱ ውስጥ ትሰካና ከእንጨት ጋር ስታጋጨው በግጭቱ ኃይል አረሩ ይወጣል፣ ባሩዱም አብሮ ይፈስሳል። ጥይቱን እንዳለ መመዘን ምን አነሰው የሚል ይኖራል፤ እኔም መጀመሪያ የሞከርኩት እሱን ነው። አይሆንም። የተለመደው የዚህ ጥይት አረር 158 ግሬን ነው፤ አረርና አረር፣ ቀለህና ቀለህ በጥቂት ግሬን ይበላለጣሉ፤ ባሩዱ ደግሞ ራሱ ጥቂት ግሬን ስለሆነ በልዩነቱ ውስጥ ይጠፋል። መፍታት ብቻ ነው። እያንዳንዱን ባሩድ ሚዛን ላይ አፈሰስኩ። ልክ፣ ልክ፣ ልክ። ከዚያ አንዱን ስፈታ አረሩ ወጣ፣ ምንም አልፈሰሰም። ቀለሁን ገለበጥኩት፣ መታ መታ አደረግሁት። ባዶ ነው። ፕራይመር ብቻ።

ይህ ባዶው ከእጥፉ ይልቅ አስደነገጠኝ። ባሩድ የሌለው ጥይት ሲተኮስ ፕራይመሩ ብቻውን አረሩን ገፍቶ አፈሙዙ ውስጥ ይወትፈዋል። ድምፁ ተዳፍኖ «ፑፍ» ይላል፤ ጀማሪ ከሸፈ ብሎ ቃታውን ደግሞ ይስባል፤ ሁለተኛው አረር ከተወተፈው ጋር ይጋጭና አፈሙዙ ይፈነዳል። የዚህኛው ቀለህ መገኘት ሌላውንም አረጋገጠልኝ። ሳህኑን ሳላዞር የሳብኩት ጊዜ አንዱ ሁለቴ ጠጥቷል፤ ስወዘውዝ ሁለት እርምጃ ያስኬድኩት ጊዜ ሌላው ጦሙን አልፏል። ሁለቱም ከአንድ የስልክ ጥሪ የተወለዱ ናቸው። ልጁ ሁለቱንም ይዞ ነበር የሄደው።

ከዚያች ሌሊት በኋላ «ብረት ይደክማል» ማለቴ ውሸት ሆነ። ከዚያ በፊት ፍርሃት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን አውቄ ነው።

ለምን ዝም አልክ ብትሉኝ አንድ መልስ የለኝም። ክስ ፈርቻለሁ። ባለቤቴን ፈርቻለሁ። ከሁሉም በላይ ግን የባለ ውጅግራ ልጅነቴን ማጣት ፈርቻለሁ፤ ይህ ስጽፈው ያሳፍራል፣ ግን እንዲያ ነው። ባለቤቴ በዚያ ላይ ሌላ ቂም ነበራት። ቀለህ የማጸዳበትን የሚንቀጠቀጥ ማሽን ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ ነበር ያቆምኩት። የተተኮሰ ቀለህ ውስጥ ከፕራይመሩ የተረፈ የእርሳስ ብናኝ አለ፤ ማሽኑ ሲያናውጠው ብናኙ ይነሳል። ትንሿ ልጃችን እዚያ ወለል ላይ ትድህ ነበር። የሕፃናት ሐኪም እንደ ደንቡ ደሟን ሲመረምር እርሳስ ተገኘበት። በአሜሪካ ክትትል የሚጀመርበት ልክ በዴሲሊትር 3.5 ማይክሮግራም ነው፤ የእሷ ከዚያ በታች ነበር፣ ዜሮ ግን አልነበረም፤ ለሕፃን ደግሞ ደህና የሚባል የእርሳስ ልክ የለም። ማሽኑን በዚያው ቀን አወጣችው። በእሷ ሳይሆን በራሴ እጅ መውጣት ነበረበት።

በዐቢይ ጾም ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ብዙ አወራሁ፤ ስለ ባሩዱ፣ ስለ ስልኩ፣ ስለ አያቴ ሳይቀር። በትዕግሥት ሰምተው ሲያበቁ «ልጄ፣ ይህን እግዚአብሔር ቀድሞም ያውቀዋል። የማያውቀው ልጁ ነው» አሉኝ። ስግደትም ጾምም አልጨመሩልኝም። ሌላ ነገር እንዲያዝዙኝ ስጠብቅ በቃህ፣ ሂድ አሉኝ።

የሄድኩት ሥራ ቦታው ነው፤ ቤቱ ብሄድ ቡና ይፈላል፣ ቡና ከፈላ ደግሞ አልናገርም። መኪና ማቆሚያው ላይ ቆመን ሁሉንም ነገርኩት። እጥፉን፣ ባዶውን፣ መዶሻውን። የጠበቅሁት ስለ ጣቱ እንዲጠይቀኝ ነበር። እሱ የጠየቀኝ ሌላ ነው።

«ሳጥኑን ሲወስዱብኝ ያውቁ ነበር?»

«ጠርጥሬ ነበር» አልኩት።

«እና እርጥበት ነው ያሉኝ?»

መልስ አልነበረኝም። ለእናቱ ስልክ ደውዬ እንዳርም አልጠየቀኝም፤ እኔ ራሴ ደወልኩላቸው። የሽጉጡን ዋጋና የሕክምናውን ወጪ ሰጠሁት፤ ተቀበለ፣ ቆጥሮ ተቀበለ። ሽማግሌ እንላክ ያሉኝ ነበሩ፤ እምቢ አልኩ፤ ሽማግሌ ከላክሁ ይቅር ማለት ግዴታው ይሆንበታል። አሁን ስንገናኝ ሰላም ይለኛል። ቤቴ ግን እንደ ድሮው አይመጣም፤ ጥይቱንም ከመደብር፣ ከፋብሪካ የታሸገውን ነው የሚገዛው። ሻጩን አፈላልጌ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ እሱ ሳቀ፣ ሳቁ ግን ወዳጅነት አልነበረውም።

መሙላቱን ተውክ ወይ የሚለኝ ሰው አለ። አልተውኩም፤ ይህን ስል ራሴንም አንዳንዴ ይገርመኛል። ማሽኑን ግን ሸጬ አንድ ሥራ ብቻ የሚሠራውን ገዛሁ፤ ያ ለፈሪ ያልኩት የእንጨት ገበታ አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ስልኬ ላይኛው ፎቅ ይቀራል፤ ወንድሜ ቢጠራኝም ባለቤቴ ናት የምታነሳው። ሰው በሩን ካንኳኳ ወይም ሐሳቤ ከሄደ፣ ገበታው ላይ ያለው ባሩድ ሁሉ ወደ ዕቃው ተመልሶ እንደገና ይጀመራል። ጠረጴዛው ላይ ከአንድ በላይ የባሩድ ዕቃ አይቆምም፤ ሁለት የተለያየ ባሩድ ለዓይን አንድ ሊመስል ይችላል፣ ተደባልቆ ወይም ተሳስቶ የገባ ደግሞ የእኔን ዓይነት ታሪክ ይወልዳል። ሚዛኑን በታወቀ ክብደት ሳልፈትሽ አልጀምርም። ሰንጠረዡ ላይ ካለው መነሻ ልክ እጀምራለሁ፤ ወደ ከፍተኛው የምሄድበት ጉዳይ የለኝም፣ ካርቶን ነው የምመታው። አረር ከመሰካቴ በፊት ሃምሳውንም በባትሪ አያለሁ፣ ከዚያ ገበታውን አዙሬ ከሌላ ወገን ደግሜ አያለሁ።

ጀማሪዎች ስለ ባሩድ ሲጨነቁ ፕራይመርን ይንቁታል። በአንድ ቁና ከባሩዱ የሚያስፈራው እሱ ነው፤ በምት የሚነሳ ፈንጂ ነውና አንዱ ሲነሳ ጎረቤቱን ያስነሳል። ፋብሪካው እያንዳንዷን ለይቶ የሚያሽገው ለጌጥ አይደለም። ማስቲካ እንደሚያኖሩ በብርጭቆ ወይም በቆርቆሮ ውስጥ ዘርግፎ ያስቀመጠ ሰው ቤት አይቻለሁ፤ ሳልቀመጥ ወጣሁ። ባሩዱም ከመጣበት ዕቃ አይወጣም፣ ከቤት ማሞቂያው ይርቃል። የአሜሪካ የእሳት መከላከያ ደንብ ለመኖሪያ ቤት በራሱ ዕቃ ውስጥ እስከ 20 ፓውንድ ባሩድና እስከ 10,000 ፕራይመር ይፈቅዳል፤ እኔ እዚያ ልክ አጠገብ የሚያደርሰኝ ምክንያት አላገኘሁም። መነጽር በምሞላበትም ጊዜ አደርጋለሁ። እጄን በሳሙና ሳልታጠብ ልጄን አላቅፍም፣ እዚያ ክፍል ውስጥ ቡናም አይጠጣም። የተኩሱ ድምፅ ከተዳፈነ ወይም ከተለየ ደግሞ ቃታውን መልቀቅ፣ አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንደያዙ ትንሽ መቆየት፣ ከዚያ ማራገፍና በዘንግ አሳልፎ ማየት ነው፤ የሚያሾፍ ሰው አጠገብ ቢኖርም።

ለሰው ጥይት አልሰጥም። እያንዳንዱ ሳጥን ስሜን፣ ቀኑን፣ የባሩዱን ስምና ልኩን ይዟል።

ያን ጊዜ ያደልኳቸውን ግን ለመሰብሰብ እየዞርኩ ነው። አብዛኞቹ መለሱልኝ፤ ጥቂቶቹ ተኩሰው ጨርሰውታል፣ ምንም አልሆኑም። ለአንድ ሰርግ ከሚኒሶታ ለመጡ ሰዎች የሰጠሁትን ግን አላገኘሁትም፤ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፏል ይሉኛል። ክዳኑ ብርሃን የሚያሳልፍ ቢጫ ፕላስቲክ ሳጥን ነው፤ ሃምሳ ሠላሳ ስምንት ስፔሻል፣ አረራቸው ጠፍጣፋ አፍንጫ፣ ሳጥኑ ላይ ምንም ጽሑፍ የለም። እ.ኤ.አ. በ2021 ከእኔ ወይም ከእኔ ከወሰደ ሰው እንዲህ ያለ ሳጥን የደረሳችሁ፣ አንዱንም አትተኩሱ። ቆሻሻ ውስጥም አትጣሉት። በእድሩ በኩል ጥሩኝ፤ የትም ቢሆን መጥቼ እወስደዋለሁ።